ውሃውን የፈጠረው ማን ነው?

የልጄ ጥርስ ነጭ ሆኖ በቀለ! የወተት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ እንደ ደንቡ ጣራ ላይ ወርውረን ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ገብታ በመስታወቱ ስታየው "እማዬ ነይ፣ መጣልኝ!" ብላ ጮኸች። ሮጬ ሄድኩ። ከድዷ ብቅ ያለችው ጫፍ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ናት። በጣቴ ነካኋት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሌሊት ልብሴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት። ባለቤቴ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ መጣ። "ምን ተገኘ?" አለ። "ጥርስ!" አልኩት። "እና ጥርስ ካልበቀለ ምን ሊበቅል ነበር?" አለኝ ግራ ገብቶት። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ምን ያውቃል?

አንቺም ነጭ ጥርስ ምን ብርቅ ነው ትይኝ ይሆናል። እስቲ ቁጭ በይና ልንገርሽ፤ ዛሬ ካልነገርኩሽ ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

እኔ ያደግኩት ከአዳማ ወረድ ብሎ፣ በሸንኮራ እርሻ መሀል በተቆረቆረ መንደር ነው። ትልልቁ ሰው ሁሉ ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ ነበር፤ አባቴ ከጉራጌ፣ እናቴ ከመንዝ፣ ጎረቤቶቻችን ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከአርሲ። እኛ ልጆቹ ግን የዚያው የመንደሩ ነበርን፤ ምልክታችንም ጥርሳችን ነው። ቡናማ! ያንዱ እንደ ሻይ፣ ያንዱ እንደ ተቃጠለ ስኳር፤ የእኔ ደግሞ መሀል ለመሀል ጠቆር ያለ መስመር ነበረው፣ አሁንም አለ፣ ይኸው። የወተት ጥርሳችን ነጭ ነበር። ዋናው ሲበቅል ነው እንዲያ ሆኖ የሚመጣው። ስለዚህ እኛ ሰፈር የልጅ ጥርስ ሲበቅል እናት እልል አትልም፤ አየት አድርጋ "ተመስገን" ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የምንጠጣው በሞተር ከመሬት ውስጥ የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ነበር። ከቧንቧው ሲወርድ ለብ ይላል፤ ጥራቱ ግን ባልዲው ሥር የወደቀ መርፌ ያሳይሻል። ወንዙ ደፍራሽ ነው፣ በሽታ ያመጣል ብለው የተዉት ትልልቆቹ ያ ውሃ የወጣ ቀን ተሰብስበው እግዜርን አመስግነው ነበር አሉ። እኛም ከትምህርት ቤት እየሮጥን መጥተን አፋችንን ቧንቧው ላይ ደቅነን እንጠጣው ነበር፤ ውሃ ጥም እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያረካሁበት ዘመን የለም።

ከዚያ ጥርስ ጋር አንድ ልማድ አብሮን አደገ። ስንስቅ አፋችንን እንሸፍናለን። ማንም አላስተማረንም። ሴቱ በነጠላ ጫፍ፣ ወንዱ በእጁ ጀርባ፤ ሳቅ ገና ከሆድ ሲነሣ እጅ ቀድሞ ይነሣል። ስንዘምርም እንደዚያው! የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን ተሰልፈን፣ ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን ስበን ስንዘምር፣ ለማያውቀን ሰው ጉንፋን የጨረሰን ነው የምንመስለው።

ትልልቆቹ አድገው ስለመጡ ጥርሳቸው ነጭ ነበር። እነሱን ችግሩ ያገኛቸው ወገባቸውና አንገታቸው ላይ ነው። ከሁሉም የባሰው አባቴ ነበር። ሥራው መስኖ ላይ ነው፤ የቦዩን ውሃ በአካፋ ከአንዱ ትልም ወደ ሌላው ይመልሳል። እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ጎንበስ ማለት አይችልም። ከኋላው ስትጠሪው አንገቱ አይዞርልሽም፤ እግሩን ቀይሮ፣ ቀይሮ፣ እንዳለ በሙሉ አካሉ ነው ከነአካፋው የሚዞረው። እኔና ታናሽ እህቴ ይህ ጨዋታ ይመስለን ነበር። "አባዬ!" ብለን ከኋላው እንጠራዋለን፤ ሲዞር በዚያው ልክ እኛም ዞረን እንደገና ከኋላው እንሆናለን። አውቆ እንደሚዞርልን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

እሁድ እሁድ ግን ጨዋታ የለም። ቤተ ክርስቲያን አብሮን ይሄድና ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። ከቅዳሴው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ግራር ሥር ይቆማል። ግባ ያላለው ሰው አልነበረም። "ለሱ የማይሰግድ ወገብ ይዤ ምን ብዬ ልግባ?" ይላል። "ራሱ ነው ያቆመኝ፤ አትምጣብኝ ማለቱ ነው።"

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቴ ጎረምሳ ሆኖ ለሸንኮራ ቆረጣ ሲመጣ እናቱን "ለመስቀል እመጣለሁ" ብሏት ነበር። የጉራጌ ልጅ የትም ይዋል የት ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ እናትም የዚያን ሰሞን በር በሩን ስታይ ነው የምትውለው። በዚያ ዓመት አልሄደም፣ ሥራ ያዘው። በሚቀጥለውም አልሄደም። ከዚያ የእናቱ መርዶ መጣ። በሁለቱም መስቀል ደጅ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ልጁን እያቀፈ ሲገባ እሷ ቆማ መንገዱን ስታይ ትውል ነበር ብለው ነገሩት። "እሷን ደጅ ላይ አቆምኳት፤ እግዜርም እኔን አቆመኝ።" አባቴ ያመነው ይህን ነው። የእኛም ጥርስ የዚያው ቁጣ ትርፍራፊ ነው ብሎ ደምድሟል።

እናቴ ይህን ስትሰማ እርር ትላለች። "እና የሰፈሩ አባት ሁሉ እናቱን ለመስቀል አስጠብቆ ነው ልጆቹ እንዲህ የሆኑት?"

"የየቤቱን የየቤቱ ያውቃል።"

"ኧረ ውሃው ነው ተብሏል እኮ አንተ ሰውዬ!" እውነቷን ነው፤ ባለሙያዎች መጥተው ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ከወሰዱ በኋላ በሰፈሩ እንዲያ ይወራ ነበር።

"እሺ ይሁን፣ ውሃው ነው" ይላል አባቴ ረጋ ብሎ። "ውሃውን የፈጠረው ማን ነው?"

እናቴ ብስጭት ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። የእኛ ቤት ክርክር ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር።

እና አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ዓመት ኅዳር ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? አዳማ ያለ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ በዓሉ የእኛን መዘምራን ጋበዘ! እኛን! ከሸንኮራ መሀል! ሰፈሩ ቀለጠ። ኅዳር የቆረጣ ወቅት ነው፤ ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ሰማዩ ይጨሳል፣ ጥቁር ብናኝ እየተንሳፈፈ መጥቶ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል፣ አየሩ ሁሉ ስኳር ስኳር ይላል። በዚያ ጭስ መሀል ነጭ ቀሚስ አጥበን ነጭ እንደሆነ ማቆየት ነበረብን! እናቶቻችን ቤት ውስጥ ከአልጋ በላይ ገመድ ወጥረው ነበር የሚያደርቁልን። እኔ ሌሊት ስነቃ ቀሚሴ ከላዬ ተንጠልጥሎ አየዋለሁ፤ በደስታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

የመዝሙር አስተማሪያችን የአዳማ ልጅ ነበረች፤ ጥርሷ በረዶ። "አፍ ክፈቱ! መዝሙር በነጠላ ተጠልሎ ነው እንዴ የሚወጣው?" እያለች በመካከላችን ትመላለሳለች። ነጠላችንን ከአፋችን ታወርደዋለች፤ ዞር ስትል መልሰን እናወጣዋለን። በመጨረሻ ሰለቻትና ተወችን። እኔን ግን ለብቻዬ ጠራችኝ። "መሪዋ አንቺ ነሽ። ያንቺን ድምፅ እንኳን ነጠላ ግድግዳም አያስቀረውም" አለችኝ። መሬት አልበቃኝም! አዳማን የማውቀው ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ ብቻ ነው፤ አሁን በሺህ ሕዝብ ፊት መዝሙር ልመራ!

ከዚያ በቀጥታ ሸንኮራውን እየሰነጠቅኩ ወደ አባቴ። ቅጠሉ ክንዴን ይሸነትረኛል፣ ግድ የለኝም።

"አባዬ! አዳማ ልንዘምር ነው! መሪዋ እኔ ነኝ!"

ዞሮ እስኪያየኝ ጠበቅኩት። ፊቱ በራ። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!"

"ትመጣለህ አይደል?"

"እናትሽ ትመጣለች።"

"አንተስ?"

"እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ተገትሬ ምን ልሁን? እዚሁ ሆኜ እሰማሻለሁ።"

"ከዚህ አይሰማማ!" አልኩና እንባዬ መጣ። ከዚያ ሳላስበው አፌ አመለጠኝ። "እኔስ ምን አድርጌው ነው እግዜር የቀጣኝ?"

አባቴ ቦዩ ውስጥ የሚወርደውን ውሃ እያየ "አንቺ ምንም አላደረግሽም። እኔ ነኝ" አለ።

በንዴት ጦፌ ተመለስኩ። የተናደድኩት በአባቴ እንዳይመስልሽ፤ በእግዜር ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ማለት ያስፈራ ነበር፤ ግን እውነቱ ያ ነው። እና እግዜርን በአካል ማግኘት ስለማልችል ወደ ቄሱ ሄድኩ።

ቄሱ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ከጎጃም መጥተው እዚያው ያረጁ። ከቤታቸው ደጃፍ ግድግዳውን ተደግፈው ሸንኮራ በቢላ ይልጣሉ።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ፊትሽ እንዲህ ቀላ?"

"አባ፣ እግዚአብሔር ሰው ያሳምማል?"

የላጡትን ቆርጠው ሰጡኝ። "ማን ነው የታመመው?"

"አባቴ። እግዜር ነው እንዲህ ያደረገኝ ይላል።"

"ውሃው ነው አልተባለም?"

"ውሃውን የፈጠረው ማን ነው ይላል።"

ሳቃቸው መጣ። "ወይ ጉድ! አባትሽ ከኔ የበለጠ ሊቅ ነው ለካ!" አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ፤ ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ስሚኝ ልጄ። የፈጠረውማ እሱ ነው። እዚያ ጥልቁ ውስጥ ለምን እንዲያ አድርጎ እንዳኖረው ግን አላውቅም። ተምሬም አላገኘሁት። ስሞት መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ እኔም እኮ ወገቤን ያመኛል።"

"እርስዎንም?"

"መቋሚያውን ለጌጥ የያዝኩት መሰለሽ? ወድቄ ከሰገድኩ ስንት ዘመኔ! ታዲያ እኔ ማንን ገድዬ ነው?"

ዓይነ ሥውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው አነሡልኝ፤ ደቀ መዛሙርቱ ያጠፋው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም አይደለም እነሱም አይደሉም እንዳላቸው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። የአባቴ ጉዳይ መሆኑን ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቄሱ ጠየቁኝ።

"የስቅለት ዕለት የምንሰግደው ለማን ነው? ለገራፊው ነው ለተገረፈው?"

"ለተገረፈው።"

"አባትሽ ጅራፉን የያዘው እግዜር መስሎታል። እግዜር የተገረፈው ነው። ከጅራፉ ወዲህ ነው ያለው፣ ከኛ ጋር። ሂጂና ይህን ንገሪው።"

አቤት ሩጫዬ! ሸንኮራውን እንደጎረስኩ ነው ቦዩ ላይ የደረስኩት። ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ የተባልኩትን የፊቱን ኋላ፣ የኋላውን ፊት አድርጌ ዘረገፍኩት። አባቴ ካወራሁት ሁሉ አንዱን ብቻ ነጥሎ ያዘ።

"አባንም ወገባቸውን ያማቸዋል?"

"ያማቸዋል! ከሰገዱ ዘመናቸው ነው!"

"እና ይገባሉ?"

"ይገባሉ እንጂ አባዬ፣ ቄስ አይደሉ!"

አካፋውን ጭቃው ላይ ተከለው። "እሳቸውም" አለ ለራሱ። "እኔ እኮ እሳቸው ለክብር ቀና ያሉ ይመስለኝ ነበር።" ከዚያ እንደገና ውሃውን ማየት ያዘ። እመጣለሁ አላለኝም። አልመጣምም አላለኝም። እስከ በዓሉ ድረስ በጠየቅኩት ቁጥር "እስቲ እናያለን" ብቻ ነው መልሱ፤ እኔም አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል እያልኩ በልቤ ስሰቃይ ሰነበትኩ።

የንግሡ ዕለት ስንነሣ አባቴ ቤት የለም። "ውሃ ተራው ነው መሰለኝ" አለች እናቴ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታይ። ቀሚሴን እያለበሰችኝ እንባዬን በመዳፏ ጠረገችልኝና "ድምፅሽ ይዘጋል፣ ተይ" አለችኝ።

ግን የሚወስደን ትራክተር ሲመጣ ማየት ነበረብሽ! ከኋላው ሸንኮራ የሚጫንበት ተሳቢ ተቀጥሎለት፣ ተሳቢው ቄጠማ ተጎዝጉዞበት! ሹፌሩ የአርሲ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፤ ለንግሣችን ብሎ ማለዳ ተነሥቶ ያንን ተሳቢ በውሃ አጥቦታል። የሸንኮራ ጭማቂ ግን በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ጫማችን ወለሉ ላይ እየተጣበቀ ጧ ጧ ይላል። ንቡም ጣፋጩን ተከትሎ እስከ አዳማ አጀበን። "ኢጆሌ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ!" ይለናል ሹፌሩ ዞሮ። ልጆች ማለቱ ነው። ከበሮው ተመታ፣ እኛም መዝሙሩን ለቀቅነው። ሸንኮራ ቆራጮቹ ገጀራቸውን ወደ ላይ እያወዛወዙ ሸኙን። ሴቶች ከየደጃፉ እልል አሉ። አቧራው ነጩን ቀሚሳችንን ቡላ አደረገው፤ ማን ግድ ሰጥቶት!

አዳማ ስንገባ የፈረስ ጋሪዎች ቃጭላቸውን እያቃጨሉ አለፉን፤ ባጃጁ ጡሩምባውን ያምባርቃል፤ የጭማቂ ቤቶቹ ማንጎና ፓፓያ ደርድረዋል፤ የከተማው ንፋስ ነጠላችንን ሊነጥቀን ይታገላል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል። የጋባዦቹ መዘምራን አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል፤ እኛን ሲያዩ ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን እንደሳብን ነን። አንዷ ጠጋ ብላ "ይህ የእናንተ ሥርዓት ነው?" አለችን። ጓደኛዬ ከነጠላዋ ሥር "አዎ" አለቻት። ምን ትበላት?

ወዲያው በሰልፋቸው ሹክሹክታ ሆነ። ከዚያ በስመ አብ! አንድ በአንድ እነሱም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ለታቦቱ አክብሮት መስሏቸው ነዋ! ከሌላ አጥቢያ የመጡ መዘምራንም እነሱን አይተው ሳቡ። የእኛ አስተማሪ ይህን ስታይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እኛ ሳቃችን ሊገድለን ደረሰ፤ ደግነቱ አፋችን ተሸፍኗል።

ታቦቱ ሲወጣ ደወሉ ተደወለ፣ እምቢልታው ተነፋ፣ እልልታው ሰማይ ቤት ደረሰ። ያ ሁሉ ሕዝብ ንፋስ እንደመታው ጤፍ ተኛ። እኔም ግንባሬን መሬት አስነክቼ ቀና ስል፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ ጀርባ መሀል አንድ ሰው ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋቢው ላይ የሸንኮራ ጥላሸት አለ።

አባቴ!

ሚኒባስ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። በእግሩ ነው የመጣው። ሳይነጋ የወጣው ለዚያ ነው። በሩን አልፎ፣ ገብቶ፣ ሕዝቡ መሀል ቆሟል። እዚያ በመገኘቱ ደስታዬን ሳላጣጥም፣ አጠገቡ የተንበረከከ ሰውዬ የጋቢውን ጫፍ ሲጎትተው አየሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስገድ እንጂ! ታቦት እኮ ነው!"

"ምን ዓይነት ድፍረት ነው?" አለች አንዲት ሴትዮ ከኋላው።

የአባቴ ፊት ደም መሰለ። እግሩን ቀየረ። እንደገና ቀየረ። ወደ በሩ ሊዞር ነው። አሁን ከወጣ በሕይወቱ ተመልሶ እንደማይገባ አወቅኩ፤ እንዴት አወቅሽ ካልሽኝ አባቴ ስለሆነ ነው።

ተነሣሁ። ነጠላዬ ከአፌ ወደቀ። "አይታጠፍም!" ብዬ ጮኽኩ። "አባቴ ነው! ወገቡ አይታጠፍም! ተዉት!" ያ ግድግዳ አያስቀረውም የተባለው ድምፄ እልልታውን በስቶ ወጣ። ሰዉ ቀና ቀና እያለ አየኝ። አፌ እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ጥርሴ ለአዳማ ሕዝብ ሁሉ ተሰጥቶ ቆሜያለሁ።

ከታቦቱ ኋላ ከሚሄዱት ካህናት መሀል አብረውን የመጡት የእኛ ቄስ ነበሩ። ከሰልፉ ወጡ። መቋሚያቸውን እየተከሉ፣ በሰው ጀርባ መሀል ቀስ እያሉ አባቴ ጋ ደረሱ። ሰው መስቀል ሲሳለም ጎንበስ ይላል፤ አባቴ አይችልም፣ እሳቸውም አይችሉም። ሁለት ቋሚ እንጨት ፊት ለፊት እንደተተከለ ቆሙ። ከዚያ ቄሱ ክንዳቸውን እንደምንም ወደ ላይ አንሥተው መስቀሉን እስከ አባቴ ግንባር፣ ከዚያም እስከ ከንፈሩ አደረሱለት። ጋቢውን ሲጎትት የነበረው ሰውዬ ብድግ ብሎ "ይቅር በሉኝ አባቴ፣ አላወቅኩም" አለና ክንዱን ደግፎ ያዘው። አባቴ ወደ በሩ መዞሩን ተወ።

የእኛ ተራ ደርሶ ስንጠራ ነጠላዬን ወደ አፌ አልመለስኩትም። ከኋላዬ ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ድምፁ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ድምፃቸው እየጠራ፣ እየተከፈተ መጣ። ለካ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ነበረን! የጋባዦቹ መዘምራን ግን አያድርስ ነው፤ ግማሾቹ ነጠላቸውን ያወርዳሉ፣ ግማሾቹ እንደሸፈኑ ናቸው፣ ሥርዓቱ የቱ እንደሆነ ጠፋባቸው። አስተማሪያችን ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እጇን ታማታለች። እኔ የማየው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ስንመለስ አባቴን ተሳቢው ላይ ማውጣቱ ሌላ በዓል ሆነ። ሹፌሩ የጎኑን በር አወረደና "ኦቦ፣ ዛሬ እንደ ሸንኮራ ልንጭንዎት ነው፣ አይቀየሙን!" አለው። ወንዶቹ ተረዳድተው እንደቆመ ብድግ አደረጉት። እሱም እንዳይወድቅ የቄሱን ቆብ ይዞ፣ ቄሱ "ኧረ ቆቤን!" እያሉ፣ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። መቀመጥ ስለማይመቸው ብረቱን ይዞ ቆመ። እኔም ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ የሸንኮራውን አበባ አቅልታዋለች።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። መንደራችን የተጣራ ውሃ ገብቶለት፣ አንድ ክረምት ጠጥቶ ነው ያረፈው። አሁን አሁን ድምፁ እየራቀኝ ነው፤ ፎቶውን ሳላይ መልኩን መሰብሰብ የሚያቅተኝ ቀን አለ። ያን ዕለት ተሳቢው ላይ የተባባልነው ግን አንዲት ቃል አልጠፋችብኝም።

"አባ ያሉት ያ ነገር" አለኝ። "ከጅራፉ ወዲህ ነው ያለው ነው ያሉት?"

"አዎ። ከኛ ጋር።"

"እንግዲያው አንቺንም አልቀጣሽም።"

"አልቀጣኝም አባዬ።"

"በኔም ምክንያት አይደለም።"

"ባንተ ምክንያት አይደለም!"

ትራክተሩ ትንሽ ከሄደ በኋላ "እስቲ ሳቂ" አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ስንስቅ አፋችንን እንሸፍናለን፤ እሱ ደግሞ ዓይኑን ይመልስ ነበር። ከበቀለ ጀምሮ ጥርሴን አንድ ቀን ትኩር ብሎ አይቶት አያውቅም። አላስችል ብሎት።

ሳቅ በትእዛዝ ከየት ይመጣል? እምቢ አለኝ። ኋላ ተሳቢው ጉድጓድ ገብቶ ሲያንገጫግጨን፣ አስተማሪያችን ሄዳ ከበሮው ላይ ተቀመጠች፤ ከበሮውም ድም አለ። ሳቄ አመለጠኝ። እጄ ሊሸፍነው ሲነሣ አባቴ ያዘው፤ ስቄ እስክጨርስም አልለቀቀውም፣ ዓይኑንም ከጥርሴ አላነሣም።